ጨው ነው ወይስ ፖሊመር፦ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የቁስል ማሸጊያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ አማካሪዬ የሥራ ዕቅዴን ፈርመው መለሱልኝ። ከኪቶሳን ስስ ፊልም እሠራለሁ፤ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ረጅም ሞለኪውል፣ አስገባለሁ፤ ከዚያም እንደ ቁስል በረጠበ ቦታ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍና ለሕዋስ መርዝ የሚሆን ነገር እንደሚለቅ ወይም እንደማይለቅ እለካለሁ። ሰው ላይም እንስሳ ላይም የሚሞከር ነገር የለም። ሁሉም በቢከርና በፔትሪ ሳህን የሚያልቅ የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ጽፌ ላስቀምጥ። አክስቴ የስኳር ሕመም ካገኛት ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት በግራ እግሯ መዳፍ ሥር የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቁስል ወጣችባት። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን ፋሻ ስፈታና ስጠቀልል ከረምኩ። ጎዙ ደርቆ ቁስሉ ላይ ሲጣበቅ በጨው ውሃ እያራስኩ ሳላቅቅ፣ አክስቴ ትንፋሿን ይዛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ቁስሉ አይሰፋም፤ አይጠብም። ሐኪሟ "ዳር ዳሩ ያሉት ሕዋሳት ወደ መሀል መሄዳቸውን ትተዋል" አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕዋስ ወዴት መሄድ እንዳለበት በምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሳነብ መልሱ በከፊል ኤሌክትሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ጤነኛ ቆዳ እንደ ባትሪ ነው። የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ቀኑን ሙሉ ሶዲየምን ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገፉ የቆዳው ውስጠኛ ገጽ ከውጨኛው በጥቂት ዐሥር ሚሊቮልቶች ይበልጣል። ቆዳ ሲቆረጥ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በተከፈተው በኩል መፍሰስ ይጀምራል፤ ከዙሪያው ተነሥቶ ወደ ቁስሉ መሀል ያቀናል። ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ይህን የቁስል ጅረት እ.ኤ.አ. በ1843 ከራሱ ከተቆረጠ ጣት ላይ ለክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባርከር፣ ጃፌ እና ቫናብል የተባሉ ተመራማሪዎች በጊኒ ፒግ ቆዳ ላይ፣ በቁስሉ ዳር በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 140 ሚሊቮልት ያህል አገኙ። የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት በእንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲቀመጡ ወደ አሉታዊው ጫፍ ይጓዛሉ፤ በቁስል ላይ አሉታዊው ጫፍ መሀሉ ነው። ቁስሉ ከደረቀ ግን ጅረቱ ይቆማል። ደርቆ ስለተጣበቀው ጎዝ ሳስብ ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጥቅምት 7

ኪቶሳን ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ፣ አሲድ ውስጥ ብቻ የሚሟሟ ስኳር መሰል ፖሊመር ነው። 2 ግራም መዝኜ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለበት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲማሰል እንዲያድር ተውኩት። ጠዋት የተልባ ውሃ መስሎ ጠበቀኝ። በናይለን ጨርቅ አጠለልኩት።

አስተላላፊው ፖሊመር ፔዶት የሚባለው ነበር። አንድ ወዳጄ ከስዊድን ሲመጣ ያመጣልኝ፣ ውሃ ውስጥ የተበተነ፣ ጥቁር ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ከኪቶሳኑ ጋር መቀላቀል ቀላል መስሎኝ ነበር። በጠብታ መስጫ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ሳስገባ እያንዳንዷ ጠብታ በያለችበት ክር ሆና ቀረች። ጨመርኩ፤ ክሩ ቋጠሮ ሆነ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊው ጓል ለብቻው፣ ንጹሑ ውሃ ለብቻው ተለያየ። የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቢከሩን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና "የኔ ልጅ፣ ይህማ አይብ ወጥቶታል፤ አጓቱን ድፊውና ሌላ አስቢ" አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ፔዶት ብቻውን ውሃ ውስጥ አይበተንም፤ ተሸክሞት የሚዞረው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሌላ ረጅም ፖሊመር ነው። ኪቶሳን ደግሞ አሲድ ውስጥ አዎንታዊ ሙል አለው። ሁለት ረጃጅም ገመዶች በተቃራኒ ሙል ሲገናኙ ሺህ ቦታ ላይ ይያያዛሉ፤ ውሃውን አስወጥተው ይጨመቃሉ። ይህን ሳላስብ መግባቴ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ከ50 ሚሊ ሊትሩ 20 ያህሉ ሄደ።

ጥቅምት 15

ፖሊአኒሊን የተባለውን ሌላ አስተላላፊ ፖሊመር አሰብኩና ተውኩት። አረንጓዴና አስተላላፊ የሚሆነው አሲድ ውስጥ ሳለ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4 ሲያልፍ ሰማያዊ ይሆንና አቅሙን ያጣል። የሰውነት ፈሳሽ 7.4 ነው።

ፖሊፒሮል በሰውነት ፒኤች ይሻላል፤ በሕዋስ ዘንድም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ክሪስቲን ሽሚት፣ ሮበርት ላንገር እና ባልደረቦቻቸው ነርቭ መሰል ሕዋሳትን በፖሊፒሮል ፊልም ላይ አሳድገው ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው፣ ጅረት ካላገኙት እጥፍ ያህል የረዘመ ቅጥያ አውጥተዋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የተዘጋጀ ፖሊመር መቀላቀል አያስፈልገኝም። ትንሹን ሞለኪውል፣ ፒሮልን፣ ፊልሙ ውስጥ አስርጌ እዚያው ፖሊመር እንዲሆን ማድረግ እችላለሁ። አይብ የሚሆንበት ምክንያት አይኖርም።

ኅዳር 2

መጋዘን የነበረው ፒሮል ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር ጠላ መስሏል። ፒሮል ብርሃንና አየር ሲያገኘው በራሱ እየተያያዘ ይጠቁራል፤ እንዲህ ባለው መሥራት ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ማጣራት ግድ ሆነ። የሚፈላው 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጋዝ መምጠጫው ሥር አድርገን፣ ጋሼ የዘይት መታጠቢያውን ሙቀት እየጠበቁ፣ እኔ የማቀዝቀዣውን ውሃ እየተቆጣጠርኩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ጠብታ መጥቶ ሲንጠለጠል ማየት ደስ ይላል። 9 ሚሊ ሊትር አገኘን። በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት። ማታ መብራት ስትጠፋ በመጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው።

ኅዳር 6

ፊልሞቹ በመጠን ወጡ። በ9 ሴንቲሜትር ፔትሪ ሳህን 40 ሚሊ ሊትር ኪቶሳን፣ በእያንዳንዱ 4 ሚሊ ግራም ጄኒፒን። ጄኒፒን ከጋርዴኒያ ፍሬ የሚወጣ ማያያዣ ነው፤ የኪቶሳንን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ግሉታራልዴሃይድ ርካሽ ነው፤ ግን ለሕዋስ መርዝ ነውና ለቁስል በታሰበ ነገር ውስጥ ልጨምረው ልቤ አልፈቀደም። ጄኒፒን ሲሠራ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ሳህኑን በጎን በኩል ሳየው ሰማያዊው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሥሩ ገና ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ማታ አመሸሁ፤ እሱን ስመለከት ነው።

ኅዳር 12

ሕዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማውን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ የቀጠለ ልማድ ነው፤ ጠዋት በየደጁ ቆሻሻ ተቃጥሎ ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኗል። መስኮቶቹን ዘግቼ የሚደርቁትን ፊልሞች በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ሌላ ሥራ አልተሠራም።

ኅዳር 13

ፊልሞቹን ቆራርጬ፣ እያንዳንዳቸው 30 በ10 ሚሊሜትር፣ በቀዝቃዛ የፒሮል ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ነከርኳቸው። ከዚያ በበረዶ ላይ ወደተቀመጠው፣ ፌሪክ ክሎራይድ ወደተባለው የብረት ጨው ፈሳሽ አሸጋገርኳቸው። ብረቱ ከፒሮሉ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቁት ፒሮሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ቅዝቃዜው ሰንሰለቱ ተስተካክሎ እንዲያድግ ይረዳል፤ የተስተካከለው ደግሞ የተሻለ ያስተላልፋል።

አንዱን ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዤ ሰዓት እያየሁ ተከታተልኩት። በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ጠርዙ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥላ ወጣ። በአራተኛው ጥላው ወደ መሀል ገባ። ሰባተኛው ላይ ከሰል ሆነ፤ ወደ ብርሃን ሳነሣው ጣቴ በጀርባው አይታይም። ሁለት ሰዓት አቆየሁና በውሃ አጠብኳቸው። አሲዱ ኪቶሳኑን እንዳያሟሟው ስለፈራሁ በመጨረሻ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ፣ አሲድን በሚያከሽፍ ጠንካራ ቤዝ ውስጥ አሳደርኳቸው። (ይህን መስመር በኋላ በቀይ አስምሬበታለሁ።)

ኅዳር 16

ዛሬ የምጽፈው በደስታ ነው። የሠራሁት መለኪያ ቀላል ነው፦ ሰሌዳ ላይ በመስመር የተተከሉ አራት የብር ሽቦዎች። በሁለቱ ዳር ጅረት ይገባል፤ በሁለቱ መሀል፣ በ10 ሚሊሜትር ርቀት፣ ቮልቴጅ ይለካል። እንዲህ ሲሆን የሽቦውና የፊልሙ መገናኛ ተቃውሞ ልኬቱ ውስጥ አይገባም። ፊልሙን ቁስል መስሎ እንዲለካ በፈር በሚባል፣ ፒኤቹ በቀላሉ በማይለወጥ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አርሼ፣ አብጦ 0.2 ሚሊሜትር ሲሆን ለካሁት። ተቃውሞው 5,900 ኦም፤ የማስተላለፍ አቅሙ ሲሰላ 8.5 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር። በየጽሑፉ የሰው ቆዳ እስከ 2.6 ሚሊሲመንስ ያስተላልፋል ይባላል። ከቆዳ በላይ የሚያስተላልፍ ማሸጊያ ሠራሁ ብዬ ለአክስቴ ሳይቀር ደወልኩ።

ኅዳር 18

አማካሪዬ ቁጥሩን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ "ፖሊፒሮል የሌለበትን ፊልም ስንት ለካሽው?" አሉኝ።

አልለካሁትም ነበር።

"ሂጂና እሱን ለክተሽ ተመለሺ።"

እሱን ለካሁት። ሰማያዊውን፣ አንድም ጠብታ ፒሮል ያልነካውን ፊልም፣ በዚያው በፈር አርሼ፣ በዚያው ሽቦ። 6,250 ኦም፤ 8 ሚሊሲመንስ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ቆየሁ። በፈሩ ራሱ ወደ 16 ሚሊሲመንስ ያስተላልፋል፤ ጨው ነው። ፊልሙ ያንን ጨው እንደ ሰፍነግ ጠጥቷል። እኔ የለካሁት ሶዲየምንና ክሎራይድን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የለፋሁበት ፖሊመር በዚያ ቁጥር ውስጥ ያለው ድርሻ ግማሽ ሚሊሲመንስ ነው፤ ይህም ከስሕተት ወሰኔ አይወጣም።

ማታ ያነበብኳቸውን ጽሑፎች እንደገና ገለጥኩ። እርጥብ ጄል ለክተው ትልቅ ቁጥር የሚጽፉና የማነጻጸሪያውን ጄል ቁጥር የማያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ከእንግዲህ ማነጻጸሪያ የሌለውን የእርጥብ ጄል ቁጥር አላምንም፤ የራሴንም ጨምሮ።

ኅዳር 20

ጨውንና ኤሌክትሮንን እንዴት ልለያቸው? ጨው ታጥቦ ይወጣል፤ ፖሊፒሮል ግን አይወጣም። ሁለቱንም ፊልሞች አዮን (እንደ ሶዲየምና ክሎራይድ ያለ ሙል የያዘ ቅንጣት) በሌለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አደረግሁ፤ ውሃውን በየሦስት ሰዓቱ እየለወጥኩ አንድ ቀን ተኩል አቆየኋቸው። አሁንም እርጥብ ናቸው፤ አሁንም ያበጡ ናቸው፤ ጨው ግን የለም። ሰማያዊው ከ1 ሜጋኦም በላይ ሄደ። ጥቁሩ 700 ኪሎኦም ሆነ። ጥቁር ቢሆንም አስተላላፊ አይደለም ማለት ነው።

ኅዳር 24

ምክንያቱ ተገኘ። ፖሊፒሮል የሚያስተላልፈው ሰንሰለቱ ላይ አዎንታዊ ሙል፣ አጠገቡም ያንን ሙል የሚያመጣጥን ክሎራይድ ሲኖር ነው። ጠንካራ ቤዝ ይህን ሙል ይነጥቃል። እኔ ደግሞ ሙሉ ሌሊት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። ኪቶሳኑን ለማዳን ብዬ የፖሊመሩን አቅም በገዛ እጄ አወጣሁት። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ፊልሙን በቤዝ ማጽናት፣ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ፒሮል፣ ከዚያ ብረት፤ ከዚያ በኋላ ቤዝ ፈጽሞ አይነካውም። ጄኒፒኑ አጥብቆ ስላሰረው የፌሪክ ክሎራይዱ አሲድ ፊልሙን ያሳብጠዋል እንጂ አያሟሟውም።

ታኅሣሥ 8

ሁለተኛው ዙር። ደረቁ ፊልም፣ 0.1 ሚሊሜትር፣ 4.8 ኪሎኦም፤ ወደ 21 ሚሊሲመንስ። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሲያብጥ 60 ኪሎኦም፤ 0.83 ሚሊሲመንስ። ሲያብጥ የሚቀንሰው የፖሊፒሮሉ መረብ ስለሚሳሳና ስለሚራራቅ ነው። ማነጻጸሪያው አሁንም ከ1 ሜጋኦም በላይ ነው። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ዐሥር እጥፍ ያንሳል። ግን የፖሊመሩ ነው። ለአማካሪዬ ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ "አሁን ሥራ ጀመርሽ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 14

አሁን ያለው ችግር ብረት ነው። ኪቶሳን ብረትን ይወዳል፤ ውሃ ለማጣሪያ የሚፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቁስል ውስጥ የሚለቀቅ ብረት ግን ሕዋስን ይጎዳል። ከእያንዳንዱ እጥበት አንድ ጠብታ ወስጄ ፖታሲየም ታዮሳያኔት ጠብ አደርግበታለሁ፤ ብረት ካለ ወዲያው ደም ይመስላል። የመጀመሪያው እጥበት ጥቁር ቀይ ነበር። አራተኛው ወይን ጠጅ፣ ስድስተኛው ጽጌረዳ፤ ስምንተኛው ምንም። ያም ሆኖ አላመንኩትም። ብረትን ከኪቶሳን አስለቅቆ የሚወስደውን ኢዲቲኤ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ታዮሳያኔት ጨመርኩ፤ ምንም ቀይ የለም። ጨርሻለሁ ብዬ ማስታወሻዬን ልዘጋ ነበር።

የኅዳር 18ቱ ትምህርት እጄን ያዘኝ። በዚያው የኢዲቲኤ ፈሳሽ ውስጥ ሆን ብዬ አንድ ጠብታ ፌሪክ ክሎራይድ ጨመርኩና እንደገና ፈተንኩት። አሁንም አልቀላም። ኢዲቲኤ ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ለታዮሳያኔት አይሰጠውም። ፈተናው ብረት የለም አላለኝም፤ አላየሁም ነው ያለኝ።

ታኅሣሥ 21

የወጣውን ትቼ የቀረውን መፈተን አለብኝ። ፊልሙን በሸክላ ማቃጠያ አድርጌ በ550 ዲግሪ እስኪነድ አቃጠልኩት፤ አመዱን በሙቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሟሁት፤ ከዚያ ታዮሳያኔት። በውሃ ብቻ ስምንት ጊዜ የታጠበው ፊልም አመዱ ራሱ እንደ ቀይ አፈር ነበር። በኢዲቲኤ ሦስት ሌሊት ያደረው አመዱ ነጣ ያለ፣ ፈሳሹም ለዓይን በጭንቅ የሚታይ ጽጌረዳ ሆነ። በውሃ የታጠበውን አምኜ ወደ ሕዋስ ብወስደው ኖሮ ጥፋቱን በፖሊፒሮሉ አሳብብ ነበር።

ጥር 5

የሕዋስ ፈተናው በሌላ ክፍል ባሉ ባልደረባዬ እጅ ተሠራ። ፊልሞቹን በሕዋስ ምግብ ውስጥ በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆይተን፣ ያንን ፈሳሽ ለአይጥ ፋይብሮብላስት (አያያዥ ሥጋ ለሚሠሩ ሕዋሳት) ሰጠናቸው። በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 10993-5 መመዘኛ በሕይወት የቀሩት ከ70 በመቶ ካነሱ መርዛማ ይባላል። በውሃ ብቻ የታጠበው 52 ሆነ፤ በኢዲቲኤ የታጠበው 88። ፈተናው ሕያው ሕዋሳትን የሚለካው በሚያወጡት ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ፖሊፒሮል ራሱ ያንን ቀለም ሊያወጣ ስለሚችል ሕዋስ የሌለበት ጉድጓድም ጎን አስቀምጠናል፤ ቀለሙ ከባዶው አልተለየም። ባልደረባዬ ማነጻጸሪያ መውደዴን አይተው ሁለት ተጨማሪ ረድፍ ሠርተውልኛል፤ አመሰግናቸዋለሁ።

ጥር 14

ከጥምቀት መልስ። አማካሪዬ በዓሉን በሙሉ ሲያስቡት የነበረ የሚመስል ጥያቄ ይዘው ጠበቁኝ።

"ፊልምሽ 0.83 ያስተላልፋል። የቁስል ፈሳሽ በጨው ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል። ታዲያ ያንቺ ፊልም ለቁስሉ ምን ይጨምርለታል?"

ሦስት ቀን ተብሰለሰልኩ። ቁስሉ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አስተላላፊ ፊልም የቁስሉን መስክ ያጠናክራል የሚለውን በብዙ ቦታ አንብቤ ተቀብዬው ነበር። ግን አይሆንም። ከጨዋማ ፈሳሽ ያነሰ የሚያስተላልፍ ነገር ከፈሳሹ ጎን ተዘርግቶ ለጅረቱ ብዙ መንገድ አይከፍትም። ከፈሳሹ የበለጠ ቢያስተላልፍ ደግሞ ይብሳል፤ በቁስሉ ዳርና መሀል መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ያስተካክለዋል፤ ሕዋሳቱ የሚመሩበት ደግሞ ያ ልዩነት ነው።

የፖሊመሩ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከውጭ ጅረት ለመስጠት ስንፈልግ ሽቦው ኤሌክትሮን ይዞ ይመጣል፤ ቁስሉ ግን የሚያውቀው አዮን ነው። የሽቦው ብረታ ብረት ይህን ቋንቋ የሚለውጠው ውሃውን በመሰንጠቅ ነው፤ በአሉታዊው በኩል ቤዝ፣ በአዎንታዊው አሲድ ይፈጠራል። ሁለቱም ሥጋ ይለበልባሉ። ፖሊፒሮል ግን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ክሎራይድ ይለቃል፤ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ክሎራይድ ይወስዳል። ውሃው ሳይነካ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስዊድኑ ቻልመርስ እና የጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትንሽ ቺፕ ውስጥ በተቧጠጡ የቆዳ ሕዋሳት ላይ በሚሊሜትር 200 ሚሊቮልት ሰጥተው፣ ካልተሰጣቸው 3 እጥፍ ያህል ፈጥነው ሲዘጉ አይተዋል፤ የስኳር ሕመምን በሚመስለው ሙከራም ጭምር። እኔ ጋ ያለው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ የኔ ፊልም ውሃውን ከመሰንጠቅ ለስንት ደቂቃ ይጠብቃል?

አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ ወረቀታቸውን ገልብጠው በጀርባው ሥዕል መሣል ጀመሩ። ሁለት ሰዓት አወራን።

ጥር 27

ሦስት ፔትሪ ሳህኖች፤ በእያንዳንዳቸው 0.9 በመቶ ጨው ያለው፣ ከባሕር አረም የሚወጣ የአጋር ጄል። ጄሉ ውስጥ ፌኖል ሬድ አለ፤ አሲድ ሲያገኝ ቢጫ፣ ቤዝ ሲያገኝ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ይሆናል። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ባለ 82 ኪሎኦም ሬዚስተር። ሦስቱን ሳህኖች በተከታታይ አገናኘኋቸው፤ እንዲህ ሲሆን በሦስቱም የሚያልፈው ጅረት ያው አንዱ ነው፣ ወደ 70 ማይክሮአምፔር፤ "ይህኛው ብዙ ደርሶት ነው" የሚባል ነገር አይኖርም። በአዎንታዊው በኩል ሁሉም ባዶ የብረት ሽቦ አላቸው። በአሉታዊው በኩል አንደኛው ባዶ ሽቦ፣ ሁለተኛው ሽቦው ከሥሩ ሰማያዊ ፊልም፣ ሦስተኛው ሽቦው ከሥሩ ጥቁር ፊልም።

የባዶው ሽቦ ሳህን በ4ኛው ደቂቃ ቀላ፤ በ10ኛው ቀለበቱ ጥፍሬን አክሏል። የሰማያዊው ፊልም በ9ኛው ደቂቃ በጠርዙ በኩል ማሳየት ጀመረ፤ ፊልሙ ቤዙን ለጥቂት ጊዜ ከማዘግየት በቀር ምንም አላደረገም። ጥቁሩ ሳህን ላይ ተጎንብሼ ቀረሁ። 15፣ 20፣ 30። ጋሼ ሊዘጉ መጥተው ቁልፋቸውን ይዘው ከጀርባዬ ቆሙ። ጄሉ እንደተሠራ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀለሙ አለ። በ41ኛው ደቂቃ በሽቦው ጫፍ ሥር፣ ክር የምታህል ቅላት ወጣች።

41 ደቂቃ ሲሰላ ወደ 170 ሚሊኩሎምብ ሙል ነው። ያን ያህል ሙል ውሃውን ሳይሰነጥቅ አለፈ ማለት ነው።

የካቲት 3

ሙከራውን በአዳዲስ ፊልሞች ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ 38 እና 44 ደቂቃ።

ግን ያሰብኩት ችግር መጣ። ከሙከራው በኋላ ፊልሙን አጥቤ ስለካው ከ60 ወደ 400 ኪሎኦም ወጥቷል። ኤሌክትሮን የተቀበለ ፖሊፒሮል ሙሉን ያጣል፤ ሙሉን ሲያጣ አያስተላልፍም። የቆዳ ሕዋሳት ወደ መሀል እንዲጓዙ ቁስሉ ላይ የሚቀመጠው ኤሌክትሮድ አሉታዊው መሆን አለበት፤ ፖሊፒሮል የሚደክመው ደግሞ በትክክል በአሉታዊው በኩል ነው። በመጀመሪያ የገፋሁት ፔዶት በዚህ ረገድ ይሻል ይሆናል። የቀረኝን 30 ሚሊ ሊትር አውጥቼ አየሁት። ኪቶሳንን ሳይነካ፣ ከጄላቲን ጋር፣ ቀስ ብዬ ልሞክረው ነው።

የካቲት 9

የደከመውን ፊልም በአዎንታዊው በኩል አድርጌ ጅረቱን ለ20 ደቂቃ ገለበጥኩት። 400 የነበረው ወደ 95 ኪሎኦም ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ አድክሜ ስገለብጠው 110 ላይ ቆመ። ሦስተኛው 140። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ግን ይመለሳል።

ፊልሙን ከጄሉ ላይ በመቆንጠጫ ሳነሣው ሳይጣበቅ፣ ምንም ሳይቀደድ መጣ። ሥሩ ያለው አጋር እርጥብ ነበር፤ የፊልሙ ጠርዝ የት እንደነበረ እንኳ አያስታውቅም። እንደገና አስቀመጥኩትና እንደገና አነሣሁት። ነገ አክስቴ ጋ ስሄድ አንዷን ቁራጭ፣ ጅረትም ሽቦም የሌላትን፣ እጇ ላይ አድርጌ አሳያታለሁ። እግሯ ላይ አላደርግም፤ ገና አልደረሰም። አሁን የሚያሳስበኝ ጄላቲኑ 35 ዲግሪ አካባቢ መቅለጡ ነው፤ እሱንም በጄኒፒን ማሰር ይኖርብኛል።